ዐይነ ውሃ

ሙሮስ ወደብ ነው ሱቄ፣ ከዓሣው ሚዛን ፊት ለፊት፤
መስታወት ስወለውል ነው የሚያልፍብኝ ጧት በጧት፤
ጨው ነዋ! ሌሊት በነፋስ ከአትላንቲክ ተሰድዶ
ከበሬ ላይ ተጋግሮ ያድራል፣ እንደ አመዳይ፣ እንደ በረዶ።

ማክሰኞ መጣች ኦብዱሊያ፣ መረብ ጠጋኟ ሴት፣
የመነጽሯ እጀታ በመዳብ ሽቦ የታሰረበት።
«ቋጠሮው ጠፋኝ» አለችኝ፣ «ትናንት ከሰርዲን መረብ ላይ
አንድ ቀዳዳ ደፍኜ ተነሣሁ፣ ሌላውን ሳላይ።»

ሰሌዳውን ሳላበራው ፊደሉን አነበነበችው፤
ከአባቴ ዘመን አልተቀየረ፣ ለካ ልጅ ሆና ነው የሸመደደችው።
ገልብጬ በመስታወት አሳየኋት፤ ያኔ ታወቀ እውነቷ፤
ሩቁ ድሮም ጉም ነበር፤ አሁን ቅርቡም ሸሽቷል ከፊቷ።
አውልቃ ልይ ካለች ክሩን እንደ አበባ ማሽተት ሆነ፤
ወገቧ ጎበጠ፣ መርፌው ቅንድቧን ነካ፣ ቀኑም ባከነ።

ትሪዎቹን ደረደርኩላት። ዐይን አዋጅ ሆነባት።

«ይሄ ብርጭቆ ነው፣ የናትሽ ዓይነት፤ አሸዋ እንኳ አይጭረው፤
ክብደቱ ግን አፍንጫሽ ላይ ጉድጓድ ቆፍሮ ነው የሚያድረው፤
ከድንጋዩ ላይ ከወደቀ ደግሞ በመጥረጊያ ነው የሚለቀም።
ይሄ ተራ ፕላስቲክ ነው፤ ቀላል ነው፣ ዋጋውም ደህና፤
በአንቺ ቁጥር ግን ጠርዙ የጠርሙስ ቂጥ ያህላል። ያኛው ስስ ነው፤
ግን ከፋኖስ ዳር ዳር ይበትናል ቀጭን ቀስተ ደመና።
ፖሊካርቦኔት የሚሉት ይሄ ነው፤ መንጠቆ ቢፈናጠር አይበሳው፤
ጭረት ግን ይወዳል፤ ጠንካራ ሽፋን ሳላለብሰው ከዚህ ሱቅ አላስነሣው።»

«ዓሣ ብትሸጥ ኖሮ፣ ብሬይሾ፣» አለች፣ «ሳትጨርስ ይገማ ነበር።»
መንጠቆ የማይበሳውን አነሣች።

ቀጥሎ ድንበር የለሹን ሰጠኋት፣ ዐይኗ ላይ አድርጋ ለሙከራ፣
ከሩቅ ወደ ቅርብ ሳይታወቅ የሚንሸራተተውን ተራ በተራ።
ደጅ ወጣች። ድንጋዩ ግራና ቀኙን ዋለለባት።
«ወይ ጉድ!» አለች ግድግዳ ይዛ፣ «እኔ የብስ የመረጥኩ ሴት፣
በየብስ ላይ ባሕር ያዙረኝ?
መስመር ያለውን ስጠኝ፤ አድማሱ የት እንዳለ ልወቅ፤
ጀልባ ከላይ፣ ቋጠሮ ከታች።»

ከዐይኗ እስከ ጣቷ ለካሁ፤ አርባ ሁለት ሳንቲ ሜትር፤
መጽሐፍ የሚያነብ ሰው ርቀት አይደለም፣ የመረብ ነው፣ የክር።

«ጸረ ነጸብራቅ ሽፋንስ?» «ምን ይሠራልኛል?»
«ብርሃን ተመልሶ አይረብሽሽም፤ የማታ ፋኖስ ጥርት ይላል፤
ደግሞ ሰው ሲያይሽ መስኮት አያይም፤ ዐይነ ውሃሽ ይታያል።»

ዝም አለች።
እኔ ሞኙ፣ ያኔ ነው ትዝ ያለኝ የባሏ የአማሮ ጀልባ፤
በእኛ ቋንቋ ንጋት ማለት ነው ስሟ፤ «አልባ»።
ከዓሥራ አንድ ክረምት በፊት ሰባት ወንዶች ይዛ ወጣች፤
እስካሁን አልነጋባትም።
ኦብዱሊያ ፊቷን ለባሕር ሰጥታ ስትጠግን፣ ያለፈ ሁሉ
የሚያየው ሁለት ክብ ሰማይ ነው፤ እሷን አያያትም።

«እሱ ይቅር» አለች። ጻፍኩ፦ ነጸብራቁ ይቆይ።

ለገና ሰሞን ተመለሰች፣ ከነዝናቧ።
«አንቲያ የምትባል ልጅ አለች፣ ሙያዬን የማስተምራት፤
እጄ ይፈጥንባታል፣ ዐይኔን ልትከተል ትሞክራለች፤ ግን አልሆነላት።
‹የት እንደምታዪ አላይም› አለችኝ። በል፣ ያንን ነገር ቀባልኝ።»
«አይቀባም፣ ኦብዱሊያ። ሌንሱ እንደ አዲስ ነው የሚሠራ፤
ዋጋውም እንደ አዲስ።»
«ይሠራ» አለች፣ ሳንቲሟን በመስመር እየደረደረች።

በመሣሪያዬ ያንን ዐይን እስከ ጓዳው አይቼዋለሁ፤ ደም ሥሩን፣ ብሌኑን፤
ዐይነ ውሃዋን ግን ያየሁት አንድ ሐሙስ ነው፣ ወደቡ ላይ፣
መረቡ በጉልበቷ፣ ልጅቷ ከፊቷ፣
አንቲያ ክሩን ስባ ቋጠሮው ሲጠብቅ።
ሰላም ብዬ ቀና ስል ሰማዩ አልመለሰልኝም።
ዐይኔን ግንባር ያርገው፤ ምን እንዳለበት አልናገርም።